የቤልጅግ ጠመንጃ መርፌ

የሰው ዓይን ትልቁንና የሚያበራውን ነገር ማየት ይወዳል። ጠመንጃ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በታየ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያየው ረዥሙን አፈሙዝ፤ ከእጅ ብዛት የወዛውን ሰደፍ፤ በብረቱም ላይ የተቀረጸውን ምልክት ነው። ነገር ግን በውስጡ የተሸሸገችው አንዲት ቀጭን ብረት የተሰበረች እንደ ሆነ ያ ሁሉ ግርማ ከዱላ አይሻልም። ባለቤቱ ይሸከመዋል፤ ጠላቱ ይፈራዋል፤ ወዳጁም ያደንቀዋል፤ የተኩስ ሰዓት በደረሰ ጊዜ ግን ቀጭ ብሎ ዝም ይላል። በውጭ ሙሉ፤ በውስጥ ጎዶሎ መሆን በሰው ዘንድ ብቻ ሳይሆን በዕቃም ዘንድ አለ።

ይህች ቀጭን ብረት መርፌ ትባላለች። ስለ እርስዋ መናገር የጦር ወሬ መውደድ አይደለም። የተሰበረችውን መርፌ አውጥቶ በሌላ የሚተካ ሰው በአንዲት ሰዓት ሥራ የዛለውን ብረት ወደ ገዳይነቱ ይመልሰዋልና፤ ይህ እጅ ምን ያህል ነገር እንደሚሸከም ማሰብ ለካህንም ለምእመንም የሚገባ ስለ ሆነ ነው እንጂ።

የአሠራርዋ ነገር እንዲህ ነው። ጥይቱን ወደ ፊት የሚያገባውና ከኋላ የሚዘጋው ተመላላሽ ብረት፤ ይኸውም ማቀባበያው፤ ውስጡ እንደ ሸምበቆ ክፍት ነው። መርፌዋ በዚያ ውስጥ ትተኛለች፤ ብርቱ ሞላም ተጠምጥሞባታል። ሰው እጀታውን ባነሣ ጊዜ መርፌዋ ወደ ኋላ ትገፋለች፤ መልሶ በዘጋም ጊዜ ሞላው እንደ ተጨመቀ ተይዛ ትቀራለች። ምላጩ ሲሳብ የያዛት ብረት ይለቃታል፤ ሞላው ይዘረጋል፤ መርፌዋም ወደ ፊት ተወርውራ በቀለሁ ግርጌ ያለችውን ትንሽ የናስ ቆብ ትመታለች። በቆቡ ውስጥ ያለው ቅመም በምት የሚነድ ስለ ሆነ እሳቱ ወደ ባሩዱ ይተላለፋል፤ ባሩዱም ጥይቱን ይገፋል። የመርፌዋ ጫፍ ከማቀባበያው ፊት ብቅ የምትለው 1 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ከልክ በታች ያጠረች እንደ ሆነ ቆቡን ነክታ እሳት ሳታስነሣ ትቀራለች፤ ከልክ በላይ የረዘመች እንደ ሆነ ግን ቆቡን በስታ ትኩሱን ጢስ በተኳሹ ፊት ላይ ትመልስበታለች። ስለዚህ በሞትና በሕይወት መካከል ያለው ልክ ከስንዴ ቅንጣት ውፍረት ያነሰ ነው።

መርፌ የሚለው ስም በመጀመሪያው ዘመን እውነተኛ መርፌን የሚያመለክት ነበረ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1841 ዓ.ም. የፕሩሲያ ሠራዊት የተቀበለው፤ ድራይዜ የሚባል ሰው የሠራው ጠመንጃ ጥይቱ በወረቀት የተጠቀለለ ነበረና ረዥም መርፌ ወረቀቱንና ባሩዱን ወግታ እስከ ውስጥ ትደርስ ነበር። በሚነድ ባሩድ መካከል ስለምትገኝ ቶሎ ትበላሽ ነበር፤ ወታደሩም ስትሰበር የሚተካባትን ሌላ መርፌ ይዞ ይዘምት ነበር። ፈረንሳዮችም በ1866 ሻስፖ በተባለው ጠመንጃ ይህንኑ ሥርዓት ተከተሉ። በ1874 ግን ግራ የሚባል መኮንን ያን ጠመንጃ የናስ ቀለህ እንዲተኩስ አድርጎ ለወጠው፤ መርፌዋም አጥራና ጠንክራ ከውጭ የምትመታ ሆነች። ይህ የግራ ጠመንጃ ወደ ኢትዮጵያ በብዛት ገብቶ ስሙ በአገሩ ሰው አፍ ውጅግራ ሆኖ ቀረ።

ከውጅግራ በኋላ የመጣው ቤልጅግ የተባለው ጠመንጃ ሥሩ በጀርመን አገር ነው። በኔካር ወንዝ ዳር ኦበርንዶርፍ በምትባል ከተማ የቩርተምበርግ ንጉሥ በ1811 የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሲያቋቁም ፋብሪካው የገባው ቀድሞ የአውግስጢኖስ ማኅበር መነኮሳት ይኖሩበት በነበረው ገዳም ውስጥ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ ሰይፍ ማረሻ የሚሆንበትን ዘመን ተናግሮ ነበር፤ በዚያ ስፍራ ግን የጸሎት ቤት የጠመንጃ ቤት ሆነ። በዚህ ፋብሪካ ይሠራ ከነበረ አባት የተወለዱት ቪልሄልምና ፓውል ማውዘር ከልጅነታቸው የብረትን ሥራ ተምረው በስማቸው የሚጠራውን ጠመንጃ ሠሩ። ቪልሄልም በ1882 ሞተ፤ ፓውል ግን ሥራውን እያሻሻለ ቆይቶ በ1898 የጀርመን ሠራዊት የተቀበለውን ጠመንጃ አወጣ። በ1901 ሌላ አዲስ ጠመንጃ ሲፈትን አንድ ዓይኑን አጣ። በ1889 ደግሞ በቤልጅግ አገር በሊዬዥ አጠገብ በኤርስታል የተቋቋመው ፋብሪካ ለቤልጅግ ሠራዊት የማውዘርን ጠመንጃ ለመሥራት ተነሣ። በ1928 ዓ.ም. ጠላት ኢትዮጵያን ከመውረሩ በፊት በነበሩት ዓመታት መንግሥት ከገዛቸው ጠመንጃዎች ከዚህ ፋብሪካ የወጡ ነበሩበትና ሕዝቡ በአገሩ ስም ቤልጅግ ብሎ ጠራቸው።

በዚህ በ1898ቱ ጠመንጃ አሠራር ውስጥ ሊስተዋል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ሠሪው መርፌዋ እንደማትሰበር አልገመተም። በመርፌዋ ላይ ትንንሽ ትከሻዎች አደረገላትና፤ ብትሰበር እንኳ ማቀባበያው ፈጽሞ ሳይዘጋ ስባሪዋ ወደ ፊት ሄዳ ቆቡን እንዳትመታ ከለከላት። ቆብ ተበስቶ ጢስ ወደ ኋላ ቢመለስም በጎን እንዲወጣ በማቀባበያው ላይ ቀዳዳ ከፈተለት። ብልህ ሠራተኛ ማለት ሥራው ከቶ አይሰበርም የሚል ሳይሆን በተሰበረ ጊዜ ሰው እንዳይጎዳ አስቀድሞ የሚያስብ ነው።

ጠላት በ1933 ዓ.ም. ድል ከሆነ በኋላ አንድ አርበኛ ቤልጅጉን ይዞ ወደ ርስቱ ተመለሰ። መርፌዋ በጦርነቱ ማለቂያ ተሰብራ ነበር፤ እርሱ ግን ለማንም ሳይናገር ጠመንጃውን በግድግዳው ላይ ሰቀለው። ሰላም ነበረና ጎዶሎነቱን የሚያውቅበት አልነበረም። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ከጎረቤቱ ጋር በእርሻ ድንበር ተጣላ። ነገሩ ወደ ዳኛ ደርሶ ሳለ አርበኛው አንድ ቀን ማለዳ ጠመንጃውን በጋቢው ሸፍኖ በከተማው ዳር ወደሚኖር ቀጥቃጭ ወረደ።

ያ ቀጥቃጭ የአባቱን ሙያ የወረሰና በኋላም በአዲስ አበባ ከመሣሪያ ጠጋኞች ዘንድ የተማረ ሰው ነበረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ ቢከለክሉም የአገሩ ሰው አዋጁን ሰምቶ ስድቡን አልተወም ነበር። ማረሻውንና ማጭዱን ከቀጥቃጩ እጅ ይቀበላል፤ ከገበታው ግን አይቀርብም፤ በስተኋላውም ቡዳ ይለዋል።

ቀጥቃጩ ጠመንጃውን ተቀብሎ መጀመሪያ ያደረገው ነገር አፈሙዙን ከሰው አዙሮ ማቀባበያውን መክፈት ነበረ። በዓይኑ አየ፤ ዓይኑንም ሳያምን ትንሽ ጣቱን አግብቶ ጥይት አለመኖሩን ዳሰሰ። ከዚያም መልሶ ዘግቶ በማቀባበያው ጅራት ላይ ያለችውን መጠበቂያ ቀጥ አድርጎ አቆመ፤ ይህችም መርፌዋን ወደ ኋላ እንደ ያዘች ታቆያለች። በግራ በኩል ያለውን መቆለፊያ ወደ ውጭ ስቦ ማቀባበያውን ከነእጀታው አወጣው። ከኋላው ያለችውን ትንሽ ብረት በጣቱ ተጭኖ የጅራቱን ክፍል እንደ ብሎን እያዞረ ፈታው፤ መርፌዋም ከነሞላዋ ወጣች። ስባሪው ጫፍዋ ግን በማቀባበያው ውስጥ ቀርቶ ነበርና አዘቅዝቆ ቢያራግፈው በመዳፉ ላይ ወደቀ።

ከሁሉ የሚያስፈራው ቀጥሎ ያለው ሥራ ነው፤ ሞላው ብርቱ ስለ ሆነ ካመለጠ ዓይን ያጠፋልና። ቀጥቃጩ መርፌዋን በእንጨት ውስጥ በተበሳ ቀዳዳ አቁሞ ሞላውን በሁለት እጁ ወደ ታች ተጫነው፤ የመርፌዋን ጅራት ሩብ ዙር አዙሮ አወለቀው፤ ሞላውንም ጥቂት በጥቂት ለቀቀው። ከዚህ በኋላ ስብራቱን ወደ ብርሃን አቅርቦ ተመለከተ። ፊቱ እንደ አሸዋ ሻካራና ብልጭልጭ ያለ ነበረ።

«ጌታዬ፤ በባዶው ምላጩን ደጋግሞ የሚስብ ሰው ነበረን?» ብሎ ጠየቀ።

አርበኛውም «ልጆች ይጫወቱበት ነበር» ብሎ መለሰ።

ቀጥቃጩ የብረቱን ነገር ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ብረት በእሳት ቀልቶ በአንድ ጊዜ ቢቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ነገር ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ ሁለተኛ በዝግታ ይሞቃል፤ መልኩ እንደ ገለባ ቢጫ፤ ቀጥሎም እንደ ሰማይ ሰማያዊ እየሆነ ሲሄድ ጥንካሬው ጥቂት ይቀንሳል፤ ትዕግሥቱ ግን ይጨምራል። መርፌ ጥንካሬ ብቻ ኖሯት ትዕግሥት ከሌላት በባዶ ምት ትሰበራለች።

ከዚያም አፈሙዙ ከፈነዳ ሌላ ቤልጅግ አስቀርቷት የነበረችውን መርፌ ከሳጥኑ አወጣ። አንዱ ጠመንጃ ለሌላው ሁልጊዜ ልክ አይሆንምና አግብቶ ጫፍዋን ለካት፤ ጥቂት ረዝማ አገኛት። በጥሩ መሳያ ድንጋይ በዘይት እያሸ አሳጠራት፤ ጫፍዋንም ሾጣጣ ሳይሆን ድቡልቡል አደረገው፤ የሾለች መርፌ ቆቡን ትበሳለችና። የማቀባበያውን ውስጥ በላምባ አጠበ፤ የደረቀ ሞራ መርፌዋን ያዘገያታልና። ሁሉን መልሶ ከገጠመ በኋላ ባሩድና እርሳስ የሌለበትን፤ ቆብ ብቻ ያለበትን ቀለህ አግብቶ ምላጩን ሳበ። ቆቡ ጮኸ፤ ቀለሁ ሲወጣም ምቱ በመካከል ላይ ጥልቅ ሆኖ ታየ። ሥራው ያማረ ሆነ።

አርበኛው ዋጋውን ሊከፍል እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ቀጥቃጩ «ጌታዬ፤ ለአውሬ ነውን?» ብሎ ጠየቀ።

«ለድንበሬ ነው» አለ።

ቀጥቃጩ ጥቂት ዝም ብሎ፤ «ድንበር አይሞትም ጌታዬ፤ የሚሞተው ሰው ነው» አለ። ማቀባበያውንም እንደ ገና ከፍቶ መርፌዋን አወጣ፤ በንጹሕ ጨርቅም ጠቀለላት።

አርበኛው ተቆጥቶ «አንተ ቀጥቃጭ፤ በእኔ ነገር ምን አገባህ?» አለው።

«ጠመንጃው የእርስዎ ነው፤ ይውሰዱት። እጄ ግን የእኔ ናት፤ በፈጣሪም ፊት የምጠየቅባት እኔ ነኝ። መርፌዋን አልሸጣትም፤ አልደብቃትምም። ለንስሐ አባትዎ አደርሳታለሁ፤ እርሳቸው ስጥ ያሉኝን እሰጣለሁ። እስከዚያ ድረስ ዋጋ አልቀበልም።»

በዚያች ቀን ማታ የንስሐ አባት የሆኑት ሽማግሌ ቄስ ያችን ጥቅል በእጃቸው ተቀበሉ። ደም ያፈሰሰ ካህን ከክህነቱ እንደሚሻር ያውቃሉና የደም መሣሪያ በቤታቸው ማኖር አስጨነቃቸው። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊያገቧት አልወደዱም፤ በእህል ጎታቸው አጠገብ በሸክላ ውስጥ አኖሯት። አርበኛው መጥቶ በጮኸባቸው ጊዜ እንዲህ አሉት፤ «ልጄ፤ ገንዘብህ ናት፤ አልነጥቅህም። ዳኛው ፍርድ በሰጠ ማግስት መጥተህ ውሰዳት። አሁን ግን አንተና ቁጣህ ባንድ ቤት ስላደራችሁ ሦስተኛ አልጨምርባችሁም።»

ፍርዱም ወጣ፤ አርበኛው ተረታ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ በቄሱ ደጅ ቆመ። ቄሱ ሌሊቱን ሁሉ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም ነበር። ቃላቸውን ቢያጥፉ ልጃቸው ዳግመኛ ኃጢአቱን አይነግራቸውም፤ ቃላቸውን ቢጠብቁ ደግሞ የጎረቤቱ ደም በእጃቸው የሚያልፍ መሰላቸው። በመጨረሻው ተነሥተው ጥቅሉን አመጡና ሰጡት፤ ሌላ ቃልም አልጨመሩም። አርበኛው ተቀብሎ ሄደ።

ብዙ ቀን ያ አገር በፍርሃት ተቀመጠ። ነገር ግን ተኩስ አልተሰማም። ጠመንጃው በግድግዳው ላይ እንደ ተሰቀለ፤ መርፌዋም በጨርቋ እንደ ተጠቀለለች በሳጥን ውስጥ ቀረች። በኋላ ዘመን ስለዚህ ነገር የጠየቁት ሰዎች ነበሩ። አርበኛውም «በመጀመሪያው ቀን ጠመንጃዬ ሙሉ ቢሆን ኖሮ እኔ ጎዶሎ ሆኜ እቀር ነበር፤ መርፌዋ እጄ የገባች ጊዜ ግን ቁጣዬ አርጅቶ ነበር» ብሎ መለሰ። ለሚመጣውም ፋሲካ ቀጥቃጩን ወደ ቤቱ ጠርቶ በአንድ ገበታ አብሮት በላ፤ የመርፌዋንም ዋጋ በዚያ ቀን ከፈለው።

ይህን ነገር የሚሰማ ሰው ሁሉ ቀጥቃጩን አያመሰግነውም። ሠራተኛ የተሰጠውን ሥራ ፈጽሞ የሰውን ገንዘብ መመለስ እንጂ የባለቤቱን ልብ መመርመር አይገባውም የሚል ይኖራል። ይህ ቃል ፍጹም ከንቱ አይደለም። የሰውን ዕቃ ይዞ መቆየት ራሱ በደል ሊሆን ይችላልና፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ በደምበኛው ላይ ዳኛ ቢሆን ገበያ አይቆምም። ደግሞም ጠመንጃ ሁልጊዜ የክፋት ዕቃ አይደለም። አቡነ ጴጥሮስ በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጠላት ጥይት በተገደሉ ጊዜ ሕዝቡ መሣሪያውን ይዞ ወደ ጫካ ባይወጣ ኖሮ አገሩ በባርነት በቆየ ነበር። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በ13ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው ፍልስጥኤማውያን እስራኤልን ሲገዙ በመጀመሪያ ያጠፉት ቀጥቃጩን ነበረ፤ ሕዝቡም ማረሻውን ለማሳል እንኳ ወደ ጠላቱ ይወርድ ነበር። መርፌ የሚተካለት ሰው የሌለው አገር ጠመንጃው ብዙ ቢሆንም የተሰበረ ነው። እንግዲህ ቀጥቃጭን የሚንቅ ሰው የራሱን ነጻነት ይንቃል።

ነገር ግን የቀጥቃጩ ሥራ በሌላ ወገን ሲታይ እርሱ ሥራውን አላጎደለም። መርፌዋን አበላሽቶ ሠርቶ ቢሰጥ ኖሮ አታላይ በሆነ ነበር፤ አሳምሮ ሠርቶ ዝም ቢል ኖሮ ደግሞ ተባባሪ በሆነ ነበር። እርሱ አሳምሮ ሠራ፤ አልደበቀም፤ በራሱም ፈቃድ አልፈረደም፤ ነገሩን ለሚገባው አደራ ሰጠ እንጂ። የእርሱ ጥበብ ብቻውን ባልበቃም ነበር። ቄሱ ቃላቸውን ባይጠብቁ አርበኛው ሁለቱንም እንደ ሌባ ቆጥሮ ሌላ መርፌ በፈለገ፤ አርበኛውም ራሱን ባያሸንፍ የሁለቱ ድካም ከንቱ በሆነ ነበር። የሦስቱም ሰዎች ነገር አንድ ነው፤ እያንዳንዱ በእጁ ያለውን ኃይል ሳይክድ አዘገየው። ጴጥሮስ በአትክልቱ ስፍራ ሰይፉን ወደ ሰገባው እንዲመልስ በታዘዘ ጊዜም ሰይፉን እንዲሰብር አልታዘዘም።

ዛሬም በብዙ ቤት የአያት ቤልጅግ በግድግዳ ላይ ወይም በሣጥን ውስጥ አለ። ከእነዚህም መካከል መርፌያቸው የተሰበረ ብዙዎች ናቸው፤ ወራሾቹም ቅርሱን ሙሉ ለማድረግ መመኘታቸው የሚያስነቅፍ አይደለም። እንዲህ ያለ ወራሽ ሦስት ነገር በተራው ሊያደርግ ይገባዋል። አስቀድሞ አፈሙዙን ከሰው አዙሮ ማቀባበያውን ይክፈት፤ በዓይኑም በጣቱም ባዶ መሆኑን ያረጋግጥ፤ የተሰበረ መርፌ ያለበትም ጠመንጃ ጥይት ሊኖርበት ይችላልና። ሁለተኛም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ስለሚከለክል ወደ ሕግ ቤት ይሂድ፤ ሥራውንም ለሚያውቅ ባለሙያ ይተው እንጂ ሞላውን በራሱ እጅ አይፍታ። ሦስተኛው ነገር ግን ባለሥልጣን የማይጠይቀው ነው። ቀጥቃጩ የጠየቀውን ጥያቄ ባለቤቱ ራሱ ራሱን ይጠይቅ፤ መልሱንም በቁጣ ቀን ሳይሆን በሰላም ቀን ይስጥ። መልስ ያጣ እንደ ሆነ መርፌዋ በጨርቅ ተጠቅልላ ብትቆይ አትዝግበትም፤ በዓመት አንድ ጊዜ ዘይት ይቀባት።